ከወረርሽኙ በኋላ የመዝናኛ ፓርክ ትኬት፦ የትኛው ቅናሽ ያዋጣል?

ትልልቆቹ የመዝናኛ ፓርኮች በኮቪድ ተዘግተው ሲከፈቱ ብዙ ሰው ርካሽ ትኬት ጠብቆ ነበር። ለወራት ገቢ አጥቶ የከረመ ድርጅት ደንበኛውን ለመመለስ ዋጋ ይጥላል ብሎ ማሰብ ያለ ነው። የሆነው ግን ሌላ ነው። ስማቸው የገነነ ፓርኮች ዋጋውን እንዳለ ትተው ትኬቱ የሚሰጠውን ነገር ቀየሩ። አንዳንዶቹም ጭራሽ ጨመሩ። ቅናሹ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ እሱም ለሁሉም ሰው አልነበረም።

ስለዚህ «ስንት ፐርሰንት ቅናሽ አለው?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። እኔ ከሱ በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። በዚህ ትኬት ቀኑን ሙሉ ምን አገኛለሁ? ዕቅዴ ቢፈርስስ ገንዘቤ ምን ይሆናል? ከዚህ በታች አማራጮቹን የማነጻጽረው በነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ነው። የምጠቅሳቸው ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ከ104 ዶላር ጀምሮ»

በካሊፎርኒያ ያለው ዲዝኒላንድ ጥሩ ማሳያ ነው። መጋቢት 14 ቀን 2020 ተዘግቶ ሚያዝያ 30 ቀን 2021 ተከፈተ። ከአንድ ዓመት በላይ ማለት ነው። የአንድ ቀን፣ የአንድ ፓርክ ትኬት ዝቅተኛው ዋጋ ከመዘጋቱ በፊት፣ በ2019፣ 104 ዶላር ነበር። ሲከፈትም 104 ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታትም 104 ሆኖ ቀጠለ። ማስታወቂያው «ከ104 ዶላር ጀምሮ» ሲል አልዋሸም።

አሁን ላይኛውን ጫፍ እዩት። ሲከፈት በጣም ውዱ ቀን 154 ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት 164 ሆነ። በ2022 ወደ 179፣ በ2023 ወደ 194፣ በ2024 ደግሞ ወደ 206 ወጣ። የታችኛው ቁጥር ሳይነቃነቅ ላይኛው ብቻ ወደ ላይ ሄደ።

የትኬት መግዣ ገጹን ስትከፍቱ ይህ ነገር ፊት ለፊት ይታያል። የወሩ ቀን መቁጠሪያ ይመጣል፤ ከእያንዳንዱ ቀን ሥር ዋጋ ተጽፏል። ትምህርት ቤት ክፍት በሆነበት ወቅት ያለ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ርካሽ ነው። ቅዳሜው ይወጣል። የበዓል ሰሞን ጣሪያ ይነካል። 104 የሚለውን ቁጥር ለማግኘት ወር ከወር እያገላበጣችሁ ትፈልጋላችሁ።

ሒሳቡን እንምታው። ዕድሜያቸው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ አራት ሰዎች በ2024 መጨረሻ ዋጋ በርካሹ ቀን ቢገቡ 416 ዶላር ይከፍላሉ። በውዱ ቀን 824 ነው። ልዩነቱ 408 ዶላር። በር አንድ፣ መጫወቻ አንድ፣ ያውም በውዱ ቀን ሰልፉ ይረዝማል። ማንም የቅናሽ ኮድ ይህን ያህል አያተርፍላችሁም።

ቶኪዮ ዲዝኒም በዚሁ መንገድ ነው የሄደው። ከመጋቢት 2021 በፊት የአዋቂ የቀን ትኬት በየትኛውም ቀን አንድ ዋጋ ነበረው፤ 8,200 የን። ከዚያ በኋላ ቅዳሜና እሑድ 8,700 ሆነ። በ2023 ጥቅምት ደግሞ ከ7,900 እስከ 10,900 የን ድረስ ተለጠጠ። ልብ በሉ፣ ዝቅተኛው ዋጋ ከድሮው አንድ ዋጋ ትንሽ ወርዷል። ቀን መምረጥ ለሚችል ሰው እውነተኛ ቅናሽ ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት ለሆኑ ወላጅ ግን ጭማሪ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምርጫ ቀኑ ነው። የሥራ ፈቃዳችሁን ማዘዋወር ከቻላችሁ መጀመሪያ ቀኑን አርክሱ፤ ቅናሹን ከዚያ በኋላ ፈልጉ።

አንድ ቀን ወይስ ብዙ ቀን

የብዙ ቀን ትኬት ሲከፋፈል የቀኑ ዋጋ ይወርዳል። ሁለተኛው ቀን ከመጀመሪያው ይቀንሳል፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። ቀን ስትጨምሩ ጭማሪው ትንሽ መስሎ ስለሚታይ እጅ ይላላል። ነገር ግን ያ ተጨማሪ ቀን አንድ የሆቴል ሌሊት፣ ሦስት ጊዜ ምግብና ፓርኪንግ ይዞ ይመጣል። ትኬቱ ላይ ያተረፋችሁትን ሆቴሉ ይበላዋል። የብዙ ቀን ትኬት የሚያዋጣው ቅርብ ለሚኖር ወይም ዘመድ ቤት ለሚያድር ሰው፣ አለዚያም ፓርኩ በእውነት በአንድ ቀን የማያልቅ ሲሆን ነው።

በአንድ ቀን ከፓርክ ፓርክ የሚያዘዋውረው ትኬት ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። በፍሎሪዳ ዋልት ዲዝኒ ወርልድ በ2020 ሲከፈት መዘዋወር ጭራሽ ቆሞ ነበር። ጥር 1 ቀን 2021 ተመለሰ፤ ሁለተኛው ፓርክ መግባት የሚቻለው ግን ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ብቻ ሆነ። ገደቡ የተነሳው በጥር 2024 ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው የገዛው ግማሽ ቀን መዘዋወር ነበር። አዲስ በተከፈተ ፓርክ ይህን ተጨማሪ ባትገዙ እመክራለሁ። አንዱን ፓርክ በደንብ አድርሱት።

ዓመታዊ ፓስ፦ ከሁሉም በላይ ማሰብ የሚፈልገው ምርጫ

የመዘጋቱ ዱላ በጣም ያረፈው ዓመታዊ ፓስ ላይ ነው፤ አንዴ ተከፍሎበት ዓመቱን እየተመላለሱ የሚገቡበት ካርድ ማለት ነው። ከመዘጋቱ በኋላ ከሁሉ ይበልጥ የተቀየረውም እሱ ነው።

መጀመሪያ ፓርኮቹ በመዘጋቱ ወቅት ፓስ ለያዙ ሰዎች ምን እንዳደረጉ እንይ። የነገ ባሕርያቸውን ያሳያል። ሴዳር ፌር የተባለው የአሜሪካ የፓርኮች ባለቤት የ2020 የወቅት ፓሶችን እስከ 2021 ወቅት መጨረሻ አራዘመ። ዋልት ዲዝኒ ወርልድም የተዘጋበትን ጊዜ በፓሱ ላይ ጨመረ። ዲዝኒላንድ ግን በጥር 2021 የድሮውን የዓመታዊ ፓስ ፕሮግራም ጭራሽ ዘጋውና ላልተጠቀሙበት ጊዜ ድርሻውን መለሰ። ሦስቱም ደንበኛን ባዶ እጁን አልሸኙም፤ ለቤተሰብ በጀት ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። ገንዘብ ሲመለስ ለቤት ኪራይ ይሆናል። የተራዘመ ፓስ የሚጠቅመው ግን በሚቀጥለው ዓመትም መሄድ ለሚችል ሰው ብቻ ነው።

በነሐሴ 2021 ዲዝኒላንድ አዲስ ዓይነት ፓስ አመጣ። «ማጂክ ኪ» ይባላል። አራት ደረጃ ነበረው፤ 399፣ 649፣ 949 እና 1,399 ዶላር። የ399ኙ ለደቡብ ካሊፎርኒያ ነዋሪ ብቻ ነበር። ከድሮው የሚለየው ዋናው ነገር ፓሱ ብቻውን በር አለመክፈቱ ነው። በፓሱ ላይ አስቀድሞ ቀን መያዝ ያስፈልጋል። ቦታ ከሌለ መግባት የለም።

ሒሳቡ ቀላል ይመስላል። 399 ዶላርን በርካሹ የቀን ትኬት፣ በ104፣ ብታካፍሉት አራት ጊዜ ሳይሞላ ይወጣል። ስለዚህ አራተኛው ጉብኝት ላይ አትርፋችኋል። ጥያቄው ግን አራቱን ቀን ማግኘት መቻላችሁ ነው። ርካሹ ፓስ የተዘጉበት ቀናት ብዙ ናቸው፤ ቅዳሜና እሑድ፣ በዓልና ክረምት (ከሰኔ እስከ ነሐሴ) በአብዛኛው በሱ መግባት አይቻልም። ከሰኞ እስከ ዓርብ የምትሠሩና ልጅ የምታስተምሩ ከሆነ አራቱ ቀን በዓመት ውስጥ ላይገኝ ይችላል።

የ1,399ኙን ብትወስዱት ደግሞ በዚያው ዓመት ጥቅምት በጣም ውድ በነበረው የቀን ትኬት፣ በ164፣ ሲካፈል ስምንት ተኩል ይመጣል። ፓርኪንግም በውስጡ ስለነበር ትንሽ ዝቅ ይላል። ቢሆንም በውዱ ቀን እየሄዳችሁ እንኳ በዓመት ሰባት ስምንት ጊዜ ካልተመላለሳችሁ ፓሱ አይከፍልም።

ይህ ውዱ ፓስ «የተዘጋ ቀን የለውም» ተብሎ ነበር የተሸጠው። አንዲት የፓሱ ባለቤት ግን ከሰሰች። ክሱ፣ ለዕለት ትኬት ገዢ ክፍት የሆነ ቀን ለፓስ ባለቤት «ሞልቷል» ይላል የሚል ነበር። ዲዝኒ ጥፋት አልሠራሁም ቢልም ጉዳዩ በ2023 በ9.5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። ለእኛ ለገዢዎች የሚቀረው ቁም ነገር ይሄ ነው። «የተዘጋ ቀን የለም» እና «በፈለግኩት ቀን እገባለሁ» አንድ አይደሉም። ፓስ ከመግዛታችሁ በፊት የፓስ ባለቤቶችን የቦታ ማስያዣ ቀን መቁጠሪያ ክፈቱ። ብዙ ፓርኮች ሳትገዙም ያሳዩአችኋል። የሚቀጥሉትን ሁለት ወራት ቅዳሜዎች እዩ። ግራጫ ሆነው ካገኛችኋቸው መልሳችሁን አግኝታችኋል።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ይዘነጋል፤ ፓስን መተው ቀላል ነው፣ መመለሱ ግን ላይገኝ ይችላል። ዋልት ዲዝኒ ወርልድ መስከረም 2021 ላይ አዲስ ፓስ መሸጥ ጀመረ። ኅዳር ላይ ከርካሹ የፍሎሪዳ ነዋሪዎች ፓስ በስተቀር ለአዲስ ገዢ ሽያጭ አቆመ። እስከ ሚያዝያ 2023 አልተመለሰም። ፓሱን የያዘ ሰው ማደስ ይችል ነበር። «ለጊዜው ልተወውና በኋላ እገዛለሁ» ያለ ሰው ግን ከዓመት በላይ በሩ ላይ ቀረ። ፓርኩ ጋ በብዛት የምትሄዱ ከሆነና ፓሳችሁ የማደስ መብት ካለው፣ ጥቅሙን ከመተዋችሁ በፊት ሁለት ጊዜ አስቡ።

በሌላ በኩል፣ እንደ ሲክስ ፍላግስ እና ሴዳር ፌር ያሉት የአሜሪካ ድርጅቶች የሚያስተዳድሯቸው፣ ከአካባቢው ነዋሪ የሚኖሩ ፓርኮች የወቅት ፓስ ሌላ ዓለም ነው። ሁለቱ ድርጅቶች በሐምሌ 2024 ተዋሕደዋል። እዚያ ፓሱ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ጉብኝት በኋላ ዋጋውን ይመልሳል። ጥሩ ዋጋ የሚገኘውም ክረምቱ ሲያልቅ፣ የሚቀጥለው ዓመት ፓስ መሸጥ ሲጀምር ነው። በዚያን ጊዜ የገዛ ሰው የዚህን ዓመት ቀሪ ወራት ጨምሮ ይገባል። ቅርብ ለሚኖር ቤተሰብ ከነዚህ ሁሉ አማራጮች ውስጥ እኔ በድፍረት የምመክረው ይሄን ነው።

ወርሃዊ ክፍያ የምትመርጡ ከሆነ አንድ ጥያቄ ጠይቁ። ፓርኩ ቢዘጋ ክፍያው በራሱ ይቆማል ወይስ እኔ ነኝ ማመልከት ያለብኝ? መልሱ በጽሑፍ ይሁን።

ቅናሹ መቼ ይመጣል?

ፓርክ እንደተከፈተ ቅናሽ የማይገኝበት ምክንያት አለው። መንግሥታት የሰው ቁጥር ገድበው ነበር። ሻንጋይ ዲዝኒላንድ ግንቦት 11 ቀን 2020 ሲከፈት መንግሥት የፈቀደው ከመደበኛው አቅም 30 በመቶ ነበር፤ ድርጅቱ ከዚያም በታች ነው የጀመረው። የመጀመሪያው ቀን ትኬት በደቂቃዎች ውስጥ አለቀ። ዲዝኒላንድም በሚያዝያ 2021 ሲከፈት 25 በመቶ ብቻ ነበር የተፈቀደለት፤ ለካሊፎርኒያ ነዋሪ ብቻ። ከአራት ወንበር ሦስቱ በግድ ባዶ ሲሆን የቀረውን አንዱን በቅናሽ የሚሸጥ የለም።

ይባስ ብሎ ከመከፈቱ በፊት በመጋቢት 2021 እዚያው ያለው ሁለተኛው ፓርክ 75 ዶላር የሚከፈልበት የምግብ ዝግጅት ሸጧል። ከ75ቱ 25 ዶላሩ ለምግብ መግዣ ይመለሳል። መጫወቻ ግን አንድም አይሠራም። ሰው ተሻምቶ ገዛው። ናፍቆት እንዲህ ነው፤ ፓርኮቹም ያውቁታል።

ቅናሹ ብቅ ያለው ገደቡ ተነስቶ ወንበር ሲተርፍ ነው። ከጥር እስከ ግንቦት 2022 ዲዝኒላንድ ለካሊፎርኒያ ነዋሪዎች የሦስት የሥራ ቀን ትኬት በ249 ዶላር ሸጠ። በቀን 83 ዶላር መሆኑ ነው። ከ3 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች የ50 ዶላር የቀን ትኬት የመጣው ደግሞ በ2024 መጀመሪያ ነው። ሁለቱም ማገልገል የጀመሩት ከገናና አዲስ ዓመት ግርግር በኋላ ባለው ቀዝቃዛ ወቅት ነው። ይሄ አጋጣሚ አይደለም። ከጥር አጋማሽ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ፓርክ ሰው የሚያጣበት ጊዜ ነው፤ ቅናሽ የምትጠብቁም ከሆነ ለዚያ ወቅት ጠብቁ።

የሲክስ ፍላግስ ታሪክ ይህን ከሌላ አቅጣጫ ያሳያል። በኅዳር 2021 የተሾመው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሰሊም ባሱል ቅናሽ እየተበተነ መሸጥ ይብቃ አለ። ዋጋ ጨመረ፣ ርካሽ ፓሶችን ቀነሰ። በ2021 27.7 ሚሊዮን የነበረው ጎብኚ በ2022 ወደ 20.5 ሚሊዮን ወረደ። ከእያንዳንዱ ጎብኚ የተገኘው ገቢ ቢጨምርም የቀረው ሕዝብ ብዙ ስለነበር ጠቅላላ ገቢው ቀነሰ። ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ የሌለው፣ ከአካባቢው ነዋሪ የሚኖር ፓርክ ዋጋ ሲሰቅል ሕዝቡ በእግሩ ይመልሳል። እንዲህ ያለ ፓርክ ዋጋ ከጨመረባችሁ መጠበቅ ያዋጣል። የዓለም ቱሪስት የሚጎርፍበት ፓርክ ላይ ግን መጠበቅ ብዙም አይሠራም።

ቶሎ መሄድ ወይስ ቆይቶ

እዚህ ላይ ሰዎች ሁለት ቦታ ይከፈላሉ፤ እኔም መልሴ አንድ አይደለም።

ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ሐምሌ 11 ቀን 2020 በሩን ሲከፍት ትኬቱ ሙሉ ዋጋ ነበር። ሰልፍ የሚባል ነገር በሚጣበቁ ምልክቶች የተራራቀ ነው። በየጥቂት ርምጃው መሬት ላይ መስመር ተለጥፏል፤ አንድ ቤተሰብ አንዱ መስመር ላይ ይቆማል፣ ከፊቱ ያለው ሲሄድ ወደ ቀጣዩ ይራመዳል። ሰልፉ ከሩቅ ሲታይ ያስፈራል። ቆመው ሲያዩት ግን ክፍተቱ ነው ያስረዘመው፤ ሰው ጥቂት ነው፣ ሰልፉም ቶሎ ቶሎ ይንቀሳቀሳል። በኅዳር 2020 ድርጅቱ የሰዉን ቁጥር ከ25 ወደ 35 በመቶ ማሳደጉን ተናግሯል። ይህም ቢሆን ከድሮው ግማሽ አይሞላም።

የጎደለው ምን ነበር? ርችቱ የለም። ገጸ ባሕርያቱ በጎዳና የሚያልፉበት የተለመደው የሰልፍ ትርኢት የለም። ከገጸ ባሕርያት ጋር ተቃቅፎ ፎቶ መነሳት የለም። የሥራ ሰዓቱ አጭር ነው። ጭምብል ግዴታ ነው። ርችቱ የተመለሰው በሐምሌ 2021 ነው።

እንግዲህ ምርጫው በማን እንደምትሄዱ ይወሰናል። ሮለር ኮስተር የሚወዱ ወጣቶች ከሆናችሁ ያ ወቅት በሙሉ ዋጋም ቢሆን ከየትኛውም ቅናሽ ይበልጥ ነበር፤ በአንድ ቀን ሌላ ጊዜ በሁለት ቀን የማይደረስ መጫወቻ ይደረሳልና። የአራት ዓመት ልጅ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ግን የልጁ ደስታ ያለው በመጫወቻው ብቻ አይደለም። ሚኪን ማቀፍ ነው፣ ሌሊት ላይ ሰማዩን ማየት ነው። ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ግማሹን ማጣት ያንገበግባል። እንዲህ ላለው ቤተሰብ አንድ ዓመት መጠበቅ ይሻላል።

ከመወሰናችሁ በፊት ፓርኩ በዚያን ቀን ዝግ የሆኑ መጫወቻዎችን ዝርዝር እዩ። አብዛኞቹ ያወጡታል። ልጃችሁ ለወራት የሚያወራለት አንድ መጫወቻ ለጥገና ተዘግቶ ከሆነ ቅናሹን እርሱት።

ሰልፍ መዝለያው

ከወረርሽኙ በኋላ የመጣ ትልቁ ጭማሪ ትኬቱ ላይ አልተጻፈም። በፍሎሪዳ ዲዝኒ ከ1999 ጀምሮ ያለ ክፍያ ይሰጥ የነበረው የሰልፍ መዝለያ አገልግሎት በመዘጋቱ ጊዜ ቆመ። በጥቅምት 2021 ሲመለስ «ጂኒ ፕላስ» ተብሎ በሰው በቀን 15 ዶላር ሆነ። በካሊፎርኒያ በታኅሣሥ በ20 ጀመረ። ኋላ ዋጋው እንደ ቀኑ የሚለዋወጥ ሆነ፤ ስሙም ተቀየረ። በጣም ተፈላጊ የሆኑ ጥቂት መጫወቻዎች ደግሞ ለብቻ ይከፈልባቸዋል።

አራት ሰው በ15 ዶላር ቢሉት በቀን 60 ነው። ለሦስት ቀን 180። ስለዚህ ሁለት ፓርክ ስታወዳድሩ የትኬቱን ዋጋ ብቻ አታስቀምጡ። ትኬት፣ ሰልፍ መዝለያ፣ ፓርኪንግ፣ አንድ ምሳ። አራቱን ደምሩ። «ርካሹ» ፓርክ አንዳንዴ ያኔ ይገለበጣል።

መግዛት አለባችሁ? ሰው በበዛበት ቀን ሄዳችሁ ከሆነ አዎ፤ ቀኑን ያድናል። ረቡዕ ዕለት ገብታችሁ ከሆነ ጠዋት በሩ ከመከፈቱ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ መድረስ ያንኑ ሥራ በነፃ ይሠራል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ወርቅ ናቸው።

ከሌላ ሻጭ ስትገዙ

በፓርኩ ፈቃድ የሚሸጡ ድርጅቶች ጥቂት ዶላር ይቀንሳሉ፤ ይህ እውነተኛ ነው። የመሥሪያ ቤት፣ የመምህራንና የወታደር ቅናሽም እንዲሁ። የነዋሪነት ቅናሽ ስትገዙ መታወቂያው በር ላይ እንደሚጠየቅ አትርሱ፤ የአጎት ልጅ አድራሻ አያስገባም። በግማሽ ያገለገለ የብዙ ቀን ትኬት ከግለሰብ መግዛትን ግን ተዉት። ትኬቱ መጀመሪያ በተጠቀመበት ሰው ስም ይታሰራል፤ ከሁለተኛው ሰው ጋር በሩ ላይ መጨቃጨቅ ነው ትርፉ።

አንድ ቅናሽ ደግሞ ገዢው ዘንድ ላይደርስ ይችላል። የእንግሊዝ መንግሥት ሐምሌ 15 ቀን 2020 የመዝናኛ ፓርኮችን ተጨማሪ እሴት ታክስ ከ20 ወደ 5 በመቶ ቀነሰ። በጥቅምት 2021 ወደ 12.5 ከፍ አለ፤ በመጋቢት 2022 መጨረሻ ቅነሳው አበቃ። ሕጉ ግን ፓርኩ ዋጋ እንዲቀንስ አላስገደደም። ልዩነቱን ለገዢው መስጠትም፣ ኪሳራን መሙያ ማድረግም ይቻል ነበር። መንግሥት ታክስ ቀነሰ ሲባል ዋጋው ወረደ ማለት ስላልሆነ የድሮውን ዋጋ አስታውሳችሁ አወዳድሩ።

ገንዘቡ ይመለስ ወይስ ቫውቸር ልውሰድ?

ፓርኩ ሲዘጋ በእጃችሁ ያለ ትኬት ምን ይሁን? በ2020 ለብዙ ሰው የቀረቡት ምርጫዎች ሦስት ናቸው። ገንዘብ መመለስ፣ ቀን ማራዘም፣ ወይም ለሌላ ጊዜ የሚያገለግል ቫውቸር። ቫውቸሩ አንዳንዴ ማጓጊያ ይጨመርበታል፤ ከከፈላችሁት ትንሽ ከፍ ያለ ዋጋ ይሰጠዋል።

እኔ ገንዘቡን እመርጣለሁ፤ ከሁለት ሁኔታ በስተቀር። አንደኛው፣ ቀን ማራዘሙ ዋጋው ሳይጨመር ከሆነ ነው። ዛሬ በ104 የተገዛ ትኬት በሚቀጥለው ዓመት ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚያስገባ ከሆነ ዋጋ ጭማሪውን አምልጣችኋል። ነገር ግን «ትኬትዎ ዋጋውን አያጣም» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ አንብቡት። ብዙ ጊዜ የከፈላችሁት ገንዘብ ተይዞ ይቆያል፣ የዋጋውን ልዩነት ደግሞ ትጨምራላችሁ ማለት ነው። ያ ቀን ማራዘም ሳይሆን ያለ ወለድ ማበደር ነው። ሁለተኛው፣ የመሄጃ ቀናችሁ ተቆርጦ ቫውቸሩ ከከፈላችሁት የሚበልጥ ሲሆን ነው።

ከሆቴል ጋር የታሰረ ፓኬጅ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። ለብቻ የተገዛ ትኬትና ለብቻ የተያዘ ሆቴል እያንዳንዱ በራሱ ደንብ ይሰረዛል። ፓኬጁ ግን በፓኬጁ ደንብ ነው የሚሰረዘው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጉዞው በፊት ባሉት ሳምንታት ቅጣቱ ይጀምራል። የፓኬጁ ቅናሽ ከ10 በመቶ በታች ከሆነ፣ የመዘጋት ስጋት ባለበት ጊዜ ለየብቻ መግዛቱ ይሻላል እላለሁ። በረራውንም እዚያው ውስጥ አትክተቱ።

ሆንግ ኮንግ ዲዝኒላንድ በጥር 2020 ተዘጋ፣ ሰኔ 18 ተከፈተ፣ አንድ ወር ሳይሞላው ሐምሌ 15 እንደገና ተዘጋ፣ መስከረም ላይ ተከፍቶ ታኅሣሥ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ተዘጋ። የፓሪሱ ዲዝኒላንድም በሐምሌ ተከፍቶ በጥቅምት መጨረሻ ተዘግቷል፤ የተመለሰው ሰኔ 17 ቀን 2021 ነው። አዲስ ለተከፈተ ፓርክ ትኬት ስትገዙ የመሰረዣውን ቀን ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ አድርጋችሁ ያዙ፤ ከቀኑ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ይጩህ። የክፍያ ደረሰኙን፣ የትኬቱን ቁጥርና በገዛችሁበት ዕለት የነበረውን የስረዛ ደንብ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ። ደንቡ በገጹ ላይ ሊቀየር ይችላል፤ ስትከራከሩ የሚጠቅማችሁ በገዛችሁበት ዕለት የነበረው ነው።